ቃሉ ንጹሕ ከሆነ ዕዳው የማን ነው? ለአንድ የሐዋሳ ጠያቂ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄ፦ «የምኖረው ሐዋሳ ነው። አክስቴ ለአሥራ ስድስት ዓመት የስኳር ሕመምተኛ ነበረች፤ በየቀኑ ኢንሱሊን ትወጋ ነበር። ባለፈው ዓመት በአንድ የፈውስ ፕሮግራም ላይ አገልጋዩ እጁን ጭኖ ከጸለየላት በኋላ መፈወሷን አወጀ፤ ከእንግዲህ መርፌ መውጋት እግዚአብሔርን መጠራጠር እንደሆነም በሕዝብ ፊት ነገራት። መርፌውን አቆመች። ሁለት ሳምንት ሳይሞላት ሞተች። ታላቅ ወንድሜ ‹የገደላት ሃይማኖት ነው› ብሎ ከዚያ ወዲህ ጸሎት ቤት ረግጦ አያውቅም። አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ነው፤ እሱ ደግሞ ‹ሰውየው ተሳስቷል፤ ቃሉ ግን ንጹሕ ነው› ይላል። ሁለቱ አሁን አይነጋገሩም። እናቴም እንደ እኅቷ ኢንሱሊን ትወስዳለች፤ ፕሮግራሙንም መሄድ አልተወችም። አማኞች ለሚያደርሱት ጉዳት ሃይማኖት ራሱ ይጠየቃል ወይስ አይጠየቅም?»

ምላሽ፦ በመጀመሪያ እግዚአብሔር ያጽናችሁ። ይህን የምጽፈው እዚሁ ሐዋሳ የሃይማኖት ሥነ ማኅበረሰብን ለረጅም ጊዜ ያስተማርሁ ሰው እንደመሆኔ ነው፤ ሰባኪ አይደለሁም፣ ሐኪምም አይደለሁም። ወንድምዎና አጎትዎ የተለያዩበት ክርክር በሙያችን ውስጥ ዕድሜ ጠገብ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን የሚከራከሩበት ዘመድ ያልሞተባቸው ሰዎች ስለሆኑ ነገሩ ቶሎ ወደ አንደበት ውድድር ይለወጣል። እናንተ ቤት የሞተ ሰው አለ፣ ሊሞት የሚችልም ሰው አለ። ስለዚህ «ሁለቱም ትንሽ ትንሽ ልክ ናቸው» በሚል ሽምግልና አልጀምርም። በእኔ እይታ ሁለቱም ተሳስተዋል፤ የተሳሳቱት ግን በተለያየ ቦታ ነው። ከሁለቱ ስሕተቶች የአጎትዎ ይበልጥ ያሳስበኛል፤ እናትዎን ነገም በዚያው ወንበር ላይ የሚያስቀምጣቸው እሱ ነውና።

«ሰውየው ተሳስቷል፤ ቃሉ ግን ንጹሕ ነው» የሚለው አነጋገር በየትኛውም ቤተ እምነት የታወቀ ነው፤ ኦርቶዶክሱም፣ ሙስሊሙም፣ ጴንጤውም በየራሱ ቃል ይለዋል። ችግሩ ያለው በሒሳብ አያያዙ ላይ ነው። የሰፈሩ ሰካራም መጠጡን ትቶ፣ ደመወዙን ይዞ ወደ ቤቱ መግባት ሲጀምር፣ በምስክርነት ሰዓት ቆሞ የሚናገረው ጌታ እንደ ለወጠው ነው፤ ጉባኤውም እልል ይላል። በዚያች ሰዓት አጎትዎ ተነሥተው «ሰውየው በራሱ ጎበዘ እንጂ ቃሉ ምንም አላደረገም» አይሉም። አይገባቸውምም፤ ሃይማኖት የሰውን ኑሮ ከሥሩ ሲቀይር እኔም በዓይኔ አይቻለሁ፣ የምከራከርበት ነገር አይደለም። ነገር ግን ሃይማኖት የሰውን ጠባይና ውሳኔ የመለወጥ ኃይል ካለው፣ ኃይሉ ወደ በጎ ሲሆን ብቻ የሚሠራበትን ምክንያት ማስረዳት የተናጋሪው ግዴታ ይሆናል። ገቢውን በሃይማኖቱ ስም፣ ወጪውን በሰውየው ስም የሚመዘግብ መዝገብ በገቢዎች መሥሪያ ቤት ቢቀርብ የሚደርስበትን እናውቃለን።

ይህ አያያዝ በአገር ደረጃም አለ። በዚህ ከተማ በተገኘሁባቸው የሃይማኖቶች የሰላም ውይይቶች ላይ፣ እ.ኤ.አ. በ615 የነቢዩ ሙሐመድ ተከታዮች ከመካ ወደ አክሱም መሰደዳቸውና ንጉሡ እንደ ጠበቃቸው ሳይነሣ የቀረበት ጊዜ ትዝ አይለኝም። መነሣቱ ተገቢ ነው፤ የሚያኮራ ታሪክ ነው። በ1870 ዓ.ም. ከቦሩ ሜዳ ጉባኤ ጋር ተያይዞ ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ የወሎ ሙስሊሞች እንዲጠመቁ ማዘዛቸው፣ እምቢ ያሉ ሼኾች ሸፍተው ወይም ተሰደው መኖራቸው፣ በርካታ ቤተሰቦችም ቀን ክርስቲያን ሌሊት ሙስሊም ሆነው ማደራቸው ግን በዚያው መድረክ ላይ አይነሣም፤ ደፋር ሰው ቢያነሣውም «እሱ እንኳ ፖለቲካ ነበር» ተብሎ ይታለፋል። በ16ኛው ክፍለ ዘመን በኢማም አሕመድ ዘመቻ ስለ ተቃጠሉት አብያተ ክርስቲያናትና ገዳማት ስንወያይም ሙስሊም ወዳጆቼ ይህንኑ ቃል ሲናገሩ ሰምቻለሁ። የአክሱሙ ንጉሥ ስደተኞቹን አሳልፎ አልሰጥም ያለውም እኮ በዙፋኑ ላይ ተቀምጦ ነው። የእሱን ውሳኔ ሃይማኖት፣ የዮሐንስን ፖለቲካ ያሰኘው ውጤቱን መውደዳችን ወይም መጥላታችን ብቻ ነው።

ወደ ወንድምዎ ልምጣ። «ያ ስብከት ባይኖር ኖሮ አክስቴ በሕይወት በኖረች» ቢሉ ልክ ናቸው፤ ይህን ማንም ሊወስድባቸው አይገባም። የሚሳሳቱት ከአንዱ ስብከት ተነሥተው ስለ ሃይማኖት በጠቅላላው ፍርድ ሲሰጡ ነው። እንዲህ ያለውን ፍርድ ለመመዘን እኛ ኢትዮጵያውያን ሩቅ መሄድ አያስፈልገንም። ከሃይማኖት ተላቅቄአለሁ፣ የምመራው በሳይንሳዊ ርዕዮተ ዓለም ነው የሚል መንግሥት አይተናል። በቀይ ሽብር ዘመን በየመንገዱ የወደቁት ወጣቶች የተገደሉት በእግዚአብሔር ስም አልነበረም። በ1971 ዓ.ም. ፓትርያርኩ አቡነ ቴዎፍሎስ፣ በዚያው ዓመት የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ ያለ ፍርድ ሲገደሉ፣ ገዳዩ ማመንን እንደ ኋላ ቀርነት የሚቆጥር ሥርዓት ነበር፤ የሁለቱም አፅም የተገኘው ሥርዓቱ ከወደቀ በኋላ ነው።

እዚህ ላይ ግን የሃይማኖት ጠበቆች ዘወትር የሚሠሩትን ጥፋት ልጠቁም። የደርግን ጉድ ይዘረዝሩና «እንግዲህ ሃይማኖት ነጻ ነው» ብለው ይቀመጣሉ። የጎረቤት ሌብነት የእኔን ሌብነት አያስተሰርይም። የደርግ ምሳሌ የሚያሳየን፣ ሰውን በጅምላ ለመግደል ሃይማኖት የግድ እንደማያስፈልግ ብቻ ነው፤ ሃይማኖት በሌላ ጊዜ፣ በሌላ ቦታ ምንም እንዳላደረገ አያሳይም። የበለጠ የሚጠቅመው ንጽጽር ሌላ ይመስለኛል፤ ይኸውም ገዳይና ሟች አንድ እምነት ሲኖራቸው ነው። በ15ኛው ክፍለ ዘመን በዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዘመን ደቂቀ እስጢፋኖስ የሚባሉት መነኮሳት ለንጉሡም፣ ለሥዕልም፣ ለመስቀልም አንሰግድም፤ ስግደት ለሥላሴ ብቻ ነው ስላሉ ተገርፈዋል፣ አካላቸው ተቆርጧል፣ ተገድለዋል። አሳዳጁም ተሳዳጁም በአንድ ዳዊት የሚጸልዩ፣ በአንድ ወንጌል የሚምሉ ነበሩ። ለሞት የሚያበቃ ጽናት የሰጣቸው ሃይማኖት ነው፤ የሞት ፍርዱንም ያጸደቀው ሃይማኖት ነው።

ከውጭም አንድ ልጨምር። በእንግሊዝ አገር እነ ዊልያም ዊልበርፎርስ የባሪያ ንግድ እ.ኤ.አ. በ1807 በሕግ እንዲታገድ ያደረጉት የወንጌል አማኝነታቸው አስገድዷቸው ነው። በአሜሪካ ደግሞ የደቡብ ባፕቲስቶች እ.ኤ.አ. በ1845 ከሰሜኖቹ የተለዩት ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ ሆኖ ሊላክ ይችላል በማለት ነበር፤ ይህንኑ አቋማቸውንም በጥቅስ ያስደግፉት ነበር። ጥቅሱ አንድ መጽሐፍ ውስጥ ነው ያለው። ከዚህ ተነሥቶ «መጽሐፉ ምንም አይልም፤ ሰው የፈለገውን ነው የሚያስብለው» ማለት ግን ደግሞ ሌላ ችኮላ ነው። ባሪያ አሳዳሪው በእጁ የሚጨብጠው ጥቅስ ባያገኝ ኖሮ ክርክሩ ይከብደው ነበር። በመጽሐፉ ውስጥ እጀታ አለ፤ እጀታውን ማን ይይዘዋል፣ ለምን ያነሣዋል የሚለው ከመጽሐፉ ውጭ ያለ ጥያቄ ነው።

መልሱ የሚያዳልጠን «ሃይማኖት» የሚለው ቃል ብዙ ነገር በአንድ ጊዜ ስለሚሸከም ነው። ቅዱሱ መጽሐፍ ሃይማኖት ይባላል፤ ትርጓሜውም እንዲሁ። ሕንፃውና ንብረቱ፣ ቄሱና ፓስተሩ፣ ሼኹና ኢማሙ፣ የኅብረቱ ደንብ፣ ታኅሣሥ 19 ቀን ወደ ሐዋሳ ገብርኤል የሚጎርፈው ሕዝብ (በዚያ ሰሞን በከተማው አልጋ የፈለገ ያውቀዋል)፣ እንዲሁም ጸሎት የማያውቅ ሰው ሳይቀር በስሙ ብቻ የሚመደብበት ወገንነት፣ ሁሉም በዚህ አንድ ቃል ይጠራሉ። ተከሳሹ ሳይለይ ክስ ከተመሠረተ ጠበቃው ሁልጊዜ ያልተከሰሰውን አቅርቦ ያስፈታል። ወንድምዎ ፓስተሩን ሲከሱ አጎትዎ መጽሐፉን ያቀርባሉ፤ ሁለቱም ስለ «ሃይማኖት» እየተናገሩ ነው፤ አይገናኙም።

ይህ ልዩነት በተግባር ምን ያህል እንደሚከብድ የሩዋንዳን ያህል የሚያሳይ ነገር አላውቅም። እ.ኤ.አ. በ1994 የዘር ፍጅቱ ሲጀመር ከአፍሪካ እጅግ ክርስቲያን ከሚባሉት አገሮች አንዷ ነበረች፤ ብዙው ሕዝብ ካቶሊክ ነበር። የፍጅቱ ዒላማ የነበሩት ቱትሲዎች በቀደሙት ግጭቶች ቤተ ክርስቲያን የገባ ሰው ይተርፍ ስለነበር ወደዚያው ሸሹ፤ በንያማታና በንታራማ አብያተ ክርስቲያናት ውስጥ በሺዎች ተገደሉ። በንያንጌ ደብር ቄሱ አታናዝ ሴሮምባ 1,500 ገደማ ሰዎች የተጠለሉበትን የራሱን ቤተ ክርስቲያን በዶዘር ለማስፈረስ ተባብሮ በአሩሻው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በመጨረሻ የዕድሜ ልክ እስራት ተፈርዶበታል። የዚያ ፍጅት መንሥኤ ትምህርተ ሥላሴ አልነበረም፤ ሁቱና ቱትሲ የተለያዩት በእምነት አይደለም። ስለዚህ መጽሐፉን ብቻ የሚያይ ሰው «ሃይማኖት የለበትም» ይላል። ተቋሙን የሚያይ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል። የኪጋሊው ሊቀ ጳጳስ በገዥው ፓርቲ ማዕከላዊ ኮሚቴ ውስጥ ለዓመታት ተቀምጠው ነበር፤ ቤተ ክርስቲያኒቱ ትምህርት ቤቶቿን ይዛ ከቅኝ ግዛት ዘመን ጀምሮ በዘር ልዩነቱ አያያዝ ውስጥ ድርሻ ነበራት። በንጽጽር ከሥልጣን ርቀው ይኖሩ የነበሩት ጥቂት ሙስሊሞች መንደሮቻቸው ውስጥ ብዙ ሰው ደብቀው ማትረፋቸው የሚጠቀሰው ለዚህ ነው። ከመንጋቸው ጋር ለመሞት የመረጡ ካህናትም እንደነበሩ መዘንጋት የለበትም።

ከፍጅቱ በኋላ የሆነው ደግሞ የአጎትዎን ጥያቄ ቀጥታ ይመለከታል። እ.ኤ.አ. በ1996 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ፣ የወንጌሉን ሕግ ተላልፈው ለበደሉ አባላት ጥፋት ቤተ ክርስቲያን ራሷ ተጠያቂ ልትሆን አትችልም፤ በዳዮቹ በየግላቸው ይጠየቁ የሚል ሐሳብ ጽፈው ነበር። ይህ የአጎትዎ አነጋገር ነው፤ ከእሳቸው በላይ በሆነ ሥልጣን የተነገረ። ሃያ አንድ ዓመት አለፈ፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2017 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስ የሩዋንዳውን ፕሬዚዳንት በቫቲካን ሲቀበሉ፣ ለአባላቱ ኃጢአት ብቻ ሳይሆን ለቤተ ክርስቲያኒቱም ኃጢአትና ድክመት እግዚአብሔርን ይቅርታ ለመኑ። ከላይ የጠቀስኋቸው የደቡብ ባፕቲስቶችም እ.ኤ.አ. በ1845 ለሠሩት ይቅርታ የጠየቁት እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ አንድ መቶ ሃምሳ ዓመት ፈጀባቸው። በእነዚህ ሰነዶች ውስጥ አንዲት ጠባብ ነገር ተቀይራለች፤ «አንዳንድ ሰዎቻችን» የሚለው ቃል «እኛ» ሆኗል። ትምህርቱ አልተካደም፣ መጽሐፉ አልተዘጋም፣ ማንም ከእምነቱ አልወጣም።

ሁሉም ጉዳት እንዲህ አይደለም፤ አንዳንዱ ከሃይማኖት ቀድሞ የነበረና ኋላ በሃይማኖት ጥላ ሥር የተጠጋ ነው። የሴት ልጅ ግርዛትን እንውሰድ፤ ከክርስትናም ከእስልምናም ይቀድማል፣ በሁለቱም አማኞች ዘንድ ይፈጸማል፣ በ2008 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ዕድሜያቸው ከ15 እስከ 49 ከሆኑ ኢትዮጵያውያን ሴቶች 65 በመቶው ተገርዘዋል። እዚህ ሃይማኖት ምንጭ አይደለም፤ ለዘመናት ዝም ያለ ምስክር ነው። ቦጋለች ገብሬ ከዚህ ብዙም በማትርቀው ከምባታ ድርጊቱን ለማስቆም ሲነሡ የመንደር ሽማግሌዎችን ብቻ ሳይሆን የሃይማኖት መሪዎችንም ማነጋገር ያስፈለጋቸው ዝምታውም ይሁንታ ስለነበር ነው።

የአክስትዎ ጉዳይ ግን ከዚህኛው ዓይነት አይደለም፤ ይህንን ነው አጎትዎ እንዲሰሙት የምፈልገው። ያቺን ሴት የገደላት ባህልም፣ ፖለቲካም፣ ድህነትም አይደለም። መድኃኒቱ በእጃቸው ነበር። እንዲያቆሙ ያደረጋቸው ሃይማኖታዊ ትምህርት ነው፤ በሃይማኖታዊ ቋንቋ፣ በሃይማኖታዊ መድረክ፣ በሃይማኖታዊ ሥልጣን የተነገረ። ትምህርቱን በጥንቃቄ ስንከፍለው ሁለት ሆኖ እናገኘዋለን። አንደኛው «እግዚአብሔር ይፈውሳል» ይላል፤ በዚህ ከተማ በሺዎች የሚቆጠሩ ሕመምተኞች ይህን አምነው፣ ጸልየው፣ ኪኒናቸውን ውጠው ያድራሉ፤ ማንም አይሞትበትም። ሁለተኛው «መድኃኒት መውሰድ አለማመን ነው» ይላል፤ የገደለው ይህ ነው። ሁለተኛው ከአንደኛው አይወለድም፤ ሰው ነው ያጋባቸው። አንዴ ከተጋቡ ግን መፋታት ይቸግራቸዋል፤ ምክንያቱም ትምህርቱ የራሱን ስሕተት የሚያይበትን ዓይን አስቀድሞ አጥፍቷል። ሕመምተኛው ከዳነ እግዚአብሔር ፈወሰ ይባላል፤ ካልዳነ እምነቱ ጎደለ ይባላል። በየትኛውም መንገድ አገልጋዩ አይሳሳትም። ሐኪም የሰጠው መድኃኒት ካልሠራ ይቀይረዋል፤ በዚህ ሥርዓት ውስጥ ግን የሚቀየረው በሽተኛው ብቻ ነው። አክስትዎ በመጨረሻዎቹ ቀናት አፋቸው ሲደርቅ፣ ሲያስመልሳቸው፣ ትንፋሻቸው ሲፈጥን፣ ይህ የኢንሱሊን ማጣት ምልክት መሆኑን ከአሥራ ስድስት ዓመት ልምዳቸው ሳያውቁት የቀሩ አይመስለኝም። ተናግረው ቢሆን ኖሮ ግን እምነት እንደሌላቸው በራሳቸው ላይ መመስከር ይሆንባቸው ነበር።

በኬንያ ሻካሆላ ጫካ እ.ኤ.አ. በ2023 መገኘት የጀመሩት ከ400 በላይ አስከሬኖችም የዚህ ዓይነት ሥርዓት የመጨረሻ ጫፍ ናቸው፤ ክሱ እንደሚለው የአንድ ሰባኪ ተከታዮች ኢየሱስን ለመገናኘት እስከ ሞት እንዲጾሙ ተነግሯቸው ነበር። የተራበው ልጅ ምግብ ቢለምን ልመናው ፈተና ተብሎ ይተረጎማል። እንግዲህ ሃይማኖት ከሌሎች ሥልጣኖች ሁሉ የተለየ አደጋ አለው ወይ ብለው ቢጠይቁኝ፣ አዎን፣ ይህ አለው እላለሁ፤ የአንድን ሰው ቃል «የእግዚአብሔር ቃል ነው» ብሎ ከጥያቄ በላይ ማድረግ ይችላል፣ የጉዳቱንም ካሳ ማንም ሄዶ ሊያጣራው ወደማይችልበት ዓለም ያስተላልፋል። ደርግም ለፓርቲው ቃል ይህንኑ ሊያደርግ ሞክሮ ነበር፤ ገነቱ ግን በምድር ላይ ስለነበረ አለመምጣቱን ሁላችንም አየን።

አሁን «ቃሉ ንጹሕ ነው» ለሚሉት አጎትዎ በራሳቸው ሜዳ ልናገር። በመጽሐፍ ቅዱስ ንጉሥ ሕዝቅያስ ለሞት በታመመ ጊዜ፣ ነቢዩ ኢሳይያስ «እፈውስሃለሁ» የሚለውን የእግዚአብሔር ቃል ካመጣለት በኋላ፣ ያው ነቢይ የበለስ ጥፍጥፍ አስመጥቶ በእባጩ ላይ እንዲደረግ አዘዘ። ትንቢቱንም መድኃኒቱንም ያዘዘ አንድ አፍ ነው። ጳውሎስ ጢሞቴዎስን ስለ ሆድ ሕመሙ የመከረው ጥቂት ወይን እንዲጠጣ ነው። ኦርቶዶክሳውያን በሚቀበሉት በመጽሐፈ ሲራክ ምዕራፍ 38፣ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እግዚአብሔር ስለሆነ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ነቢዩ ሙሐመድም ታከሙ፣ አላህ ፈውስ ያላዘጋጀለት በሽታ የለም ማለታቸው በሐዲስ ይገኛል። እንግዲያው የመርፌው ክልከላ ከነዚህ ትውፊቶች ከአንዳቸውም ጋር አይስማማም፤ በዚህ አጎትዎ ልክ ናቸው። ልክነታቸው ግን ጥያቄውን ወደ እሳቸው ያዞረዋል፦ ቃሉ ይህን ያህል ግልጽ ከሆነ፣ በዚያ ቀን በአዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ከነበሩት ሽማግሌዎች መካከል ተነሥቶ ያነበበው ማን ነው?

ማረም እንደሚቻል ደግሞ እናውቃለን። ፀረ ኤች አይ ቪ መድኃኒት በነጻ መሰጠት ከጀመረበት ከ1997 ዓ.ም. በኋላ በእንጦጦና በሌሎች የጠበል ቦታዎች መድኃኒታቸውን የሚያቆሙ ሕሙማን በርክተው ነበር፤ ጠበል ከኪኒና ጋር አይሄድም የሚል ልማድ ነበረ። ፓትርያርኩ አቡነ ጳውሎስ ሕሙማኑ ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በይፋ መከሩ፤ መድኃኒቱም የእግዚአብሔር ስጦታ ነው አሉ። ችግሩ በአንድ ቀን አልጠፋም፤ ነገር ግን አንዲት እናት ኪኒናዋን በጠበል ስትውጥ ኃጢአት እንዳልሠራች የሚነግራት የበላይ ቃል አገኘች። ሐኪሞች ይህን ሊሰጧት አይችሉም ነበር። ከላይ አንስቶ እስከ አጥቢያ የሚወርድ መዋቅር ያለው ተቋም ለሩዋንዳው ዓይነት ጥፋት እንደሚመች ሁሉ ለእንዲህ ያለው እርማትም ይመቻል። በከተማችን አዳራሽ ተከራይተው የሚሠሩ፣ መሥራቹ ራሱ ነቢይ፣ ራሱ ገንዘብ ያዥ፣ ራሱ ዳኛ የሆነባቸው አገልግሎቶች ግን የሚታረሙበት ቦታ ራሱ የላቸውም፤ ሰው በራቸውን አንኳኩቶ «ስለ አክስቴ» ቢል የሚቀበለው ያው ተከሳሹ ነው።

ስለ ሕጉ አጭር ነገር ልበል፣ ዝርዝሩን ከጠበቃ ይረዱ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ይከለክላል፤ በአንቀጽ 27 የእምነት ነጻነትን ያረጋግጣል። ይኸው አንቀጽ 27 ግን ሃይማኖትን በተግባር የመግለጽ መብት የሕዝብን ደኅንነትና ጤና ለመጠበቅ በሚወጣ ሕግ ሊገደብ እንደሚችል ይናገራል። የወንጀል ሕጉም በአንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰው መግደልን ይቀጣል። አገልጋዩ «እኔ ጸለይሁ እንጂ መርፌውን አልነጠቅሁም» ማለቱ አይቀርም፤ ማስረዳቱ ከባድ ነው። ቢሆንም የፕሮግራሙ ቪዲዮ ካለ ያስቀምጡት፤ የአክስትዎን የክትትል ካርድም እንዲሁ።

ለጥያቄዎ በቀጥታ ስመልስ፣ ሃይማኖት ሰው አይደለምና ፍርድ ቤት አይቆምም፣ ንስሐም አይገባም። ትምህርት ግን ይጠየቃል፤ ሰውን ወደ ሞት የሚመራ ትምህርት ጥፋተኛ ነው፣ በቅዱስ ስም መነገሩም ጥፋቱን ያከብደዋል እንጂ አያቀለውም። ተቋም ይጠየቃል፤ መድረኩን የሰጠ፣ ገንዘቡን የሰበሰበ፣ ሲሳሳት እያየ ዝም ያለ እሱ ነው። ግለሰቡም ይጠየቃል፤ «መንፈስ ነው የተናገረው» በሚል ከራሱ ቃል ሊያመልጥ አይገባም። ወንድምዎ እነዚህን ሦስቱን ቢከሱ አብሬአቸው እቆማለሁ። ሕዝቅያስንና ኢሳይያስን፣ ኪኒናዋን በጠበል የምትውጠውን እናትና ቄስ ጉዲናን በዚያው መዝገብ አስገብተው ቢከሱ ግን አልቆምም።

እምነቴን ልተው ወይስ ልቀጥል ብለው አልጠየቁኝም፤ ደግ አደረጉ፣ የእኔ አይደለምና። ይልቅ አስቸኳዩ ነገር እናትዎ ናቸው። ኢንሱሊናቸውን በየዕለቱ መውሰዳቸውን አንድ የቤተሰብ አባል በዓይኑ ያረጋግጥ፤ ሐኪማቸውም የሆነውን ነገር እንዲያውቁ ያድርጉ። ወንድምዎ ዛሬ ቢያነጋግሯቸው ሃይማኖታቸውን የሚነቅፍ ልጅ እንጂ ስለ መርፌው የሚጨነቅ ልጅ ሆነው አይታዩአቸውም። የሚሰሟቸው አጎትዎን ነው። ስለዚህ ይህን ምላሽ ለአጎትዎ ያሳዩአቸውና፣ በዚህ ሳምንት ወደ እኅታቸው ቤት ሄደው ከሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 20 እንዲያነቡላቸው ይለምኑልኝ። ፈውሱ የተነገረው ቁጥር 5 ላይ ነው፤ እዚያ ላይ እንዳያቆሙ፣ በለሱ እስከሚመጣበት እስከ ቁጥር 7 ይዝለቁ።